የፔንሲዮናችን ካሜራና ራውተር፦ አፕዴት ይደረግ ወይስ «የሚሠራን አትንካ»?

አጂፕ_ልጅ (ጠያቂ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም የጅማ ልጆች። አጂፕ አካባቢ የቤተሰብ ፔንሲዮን አለን። ስምንት ካሜራ፣ ምስሉን የሚቀዳ አንድ ዲቪአር፣ ለእንግዳ ዋይፋይ የሚሰጥ አንድ ራውተር። ከተገጠሙ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ወዲህ አቧራ ከመጥረግ ውጪ ማንም ነክቷቸው አያውቅም።

ሰሞኑን ሌሊት ላይ ኢንተርኔቱ ቀጥ ይላል። እንግዳ በሌለበት ቀን ሳይቀር የራውተሩ መብራት ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ሲል ያድራል። ኮምፒውተር የሚያውቅ ጎረቤት ገብቶ አየልኝና «ይሄን ሁሉ ዳታ ወደ ውጭ የሚልከው ዲቪአሩ ነው» አለኝ። ካሜራውን በስልክ የማየው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ ላይ ነኝ።

ለገጠመልን ሰው ደወልኩ። «ሪስታርት አድርገው፣ ይስተካከላል» አለ። አደረግኩት፣ ተስተካከለ። በማግስቱ ያው ሆነ። ጎረቤቴ አፕዴት አድርገው ይላል። ገጣሚው ደግሞ «አፕዴት እያደረግክ መብራት ከሄደ ዕቃው ይሞታል፣ እኔ የለሁበትም» ይላል። የቱን ልስማ? የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ፣ በተለይ በዚህ ዝናብ።

ገመድ_በትከሻ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እኔም በዚሁ ከተማ ካሜራ እገጥማለሁ። ያንተ ገጣሚ ግን አይደለሁም፣ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ሰውዬው ውሸት አልነገረህም። ፈርምዌር (የዕቃው የውስጥ ሶፍትዌር) በሚጻፍበት ሰዓት መብራት ሄዶበት የሞተ ራውተር ብዙ መጥቶልኛል። አምፖሉ ይበራል እንጂ ዕቃው አይነሳም። ባለቤቱ «ትናንት እኮ ይሠራ ነበር» ብሎ ፊቱን ያጠቁርብሃል። ማን ይከፍላል? ገጣሚው። ስለዚህ «የሚሠራን አትንካ» የምንለው ሰንፈን እንዳይመስላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ከኪሳችን ከፍለንበት ነው።

ኪቶ_ፉርዲሳ_4ኛ_ዓመት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ጋሼ በአክብሮት፣ ይሄ ዲቪአር እኮ «የሚሠራ» ዕቃ አይደለም። ወይም እየሠራ ነው፣ ለማን እንደሚሠራ ነው የማይታወቀው።

ሪስታርት ሲደረግ ተስተካክሎ በማግስቱ መመለሱን ልብ በሉ። ይሄ በጣም የታወቀ ምልክት ነው። በፈረንጆቹ 2016 ሚራይ የሚባል ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) ወጣ። ዘዴው ሲበዛ ቀላል ነበር። ኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ ካሜራዎችን፣ ዲቪአሮችንና ራውተሮችን እየዞረ ቴልኔት በሚባለው የርቀት መግቢያ በር ያንኳኳል። እጁ ላይ 60 ገደማ የስምና የፓስዎርድ ጥንዶች አሉት፤ አድሚን-አድሚን፣ ሩት-12345፣ እንደዚህ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጡ። አንዱ ከከፈተለት ገባ። ምንም የረቀቀ ነገር የለውም፣ ግን በዚህ ብቻ ጫፍ ላይ በደረሰበት ጊዜ 600,000 ገደማ ዕቃ በእጁ አስገብቶ ነበር። ኦክቶበር 21 ቀን 2016 በሚራይ ከተያዙት ዕቃዎች ብዙዎቹ ዲን በሚባል፣ ድረ ገጾችን በስማቸው የሚያስገኝ የዶሜይን ስም አገልግሎት ኩባንያ ላይ ሲዘምቱበት ትዊተርና ኔትፍሊክስ ሳይቀሩ ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ።

ሚራይ የሚቀመጠው ሜሞሪ ላይ ነው። ዕቃውን ስታጠፋው አብሮ ይጠፋል። ፓስዎርዱ ግን ያው ስለሆነ ስታበራው ሌላ የተበከለ ዕቃ አግኝቶት እንደገና ይገባል። ያንተ የግድ ሚራይ ነው አልልም። የሚራይ ኮድ ያኔ ለሕዝብ ስለተለቀቀ ልጅና የልጅ ልጁ እስከ ዛሬ ይዞራል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ኬብል ንቀል። ከዚያ ዲቪአሩን አጥፍተህ አብራ። ከኢንተርኔት እንደተነቀለ ሞኒተርና ማውዝ ሰክተህ ፓስዎርዱን ቀይር። አፕዴት ካለው ያኔ አድርግ። ኬብሉ የሚመለሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኬብሉ እንደተሰካ ሪስታርት ካደረግክ ገና ፓስዎርድ ስትጽፍ ቀድሞህ ሊገባ ይችላል።

ሰማያዊ_ባጃጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

እኔ ጓሮ አንዲት ካሜራ አለችኝ፣ ቀኑን ሙሉ ዶሮ ነው የምታሳየው። ሃከሩ ዶሮዬን አይቶ ምን ይጠቀማል? እንቁላል መቁጠር ካማረው ይቁጠርልኝ።

ኪቶ_ፉርዲሳ_4ኛ_ዓመት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

ሃሃ፣ ዶሮህን ማንም አይፈልግም ወንድሜ። የሚፈልገው የኢንተርኔት መስመርህን ነው። ካሜራህ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኮምፒውተር ሰው ታጠቃለታለች፣ ሌላው ደግሞ በአንተ መስመር በኩል አልፎ ወንጀል ይሠራል። ሲጣራ የሚገኘው አድራሻ ያንተ ነው። ዳታህንም የምትከፍለው አንተ ነህ።

ሰርቨር_ክፍል · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ማታ አንብቤው ነበር፣ ረጅም ስለሚሆን ለጠዋት አቆየሁት። እኔ ቢሮ ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ጋሼ ገመድ ያሉት ፍርሃት ልክ ነው፣ ግን ፍርሃቱ ሊፈታ የሚችል ነው። አጂፕ ልጅ፣ ሻይህን ይዘህ አንብበው።

አፕዴት ሁለት ነገር ነው፣ ማውረድና መጻፍ። ቀስ የሚለው ማውረዱ ነው፣ እሱ መሐል መብራት ቢሄድ ምንም አይሆንም፣ እንደገና ታወርዳለህ። አደገኛው ፋይሉ ወደ ዕቃው ሜሞሪ የሚጻፍበት ጊዜ ነው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ለዚያች ደቂቃ ነው መብራት የምትፈልገው። ስለዚህ ፋይሉን አስቀድመህ በላፕቶፕ አውርደህ ያዝ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው። ራውተሩን ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ላይ አድርገው፣ ያችን ለራውተር ተብላ የምትሸጠዋን ትንሿን። ስትገዛ የራውተሩን ቻርጀር ጽሑፍ እይ፣ 9 ቮልት የሚፈልገው ራውተር 12 እንዳይሰካበት። ዲቪአሩ ውስጡ ሃርድ ዲስክ ስላለው የበለጠ ይበላል፣ ለሱ የኮምፒውተሩ ትልቁ ዩፒኤስ ይሻላል። በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ተገናኝ።

ደህና ተደርገው የተሠሩ ዕቃዎች ይሄን አደጋ ራሳቸው ይከላከላሉ። ሜሞሪያቸው ላይ ሁለት ቦታ አላቸው። አዲሱ በባዶው ቦታ ላይ ይጻፋል፣ የድሮው ባለበት ይቆያል፣ አዲሱ አልነሳም ካለ በድሮው ይነሳሉ። አንድሮይድ ስልኮች ከ7.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016፣ ይሄን አሠራር የሚደግፉት ለዚሁ ነው። ርካሽ ራውተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቦታው አንድ ብቻ ነው። የጋሼ ሬሳዎች የመጡት ከዚያ ነው።

ከመብራት ይልቅ እኔ ያየሁት ብዙ ዕቃ የገደለው የተሳሳተ ፋይል ነው። ከራውተሩ ሥር ያለውን ወረቀት አንብብ። የሞዴሉ ስም ብቻ አይበቃም፣ የሃርድዌር ቨርሽን የሚል አለ፣ ቪ1፣ ቪ2፣ ቪ3 እያለ። ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ ያለው ቺፕ ፈጽሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። የቪ1ን ፋይል ቪ3 ላይ መጫን ዕቃ መቅበር ነው።

ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርድ። እባካችሁ ከቴሌግራም ቻናል «የተስተካከለ ፈርምዌር» አታውርዱ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጨዋ አምራች ፋይሉን በሚስጥር ቁልፉ ይፈርምበታል። ዕቃው ውስጥ የዚያ ቁልፍ ጥንድ የሆነ ሌላ ቁልፍ ከፋብሪካ ጀምሮ አለ። ዕቃው ከመጻፉ በፊት ፊርማውን ያመሳክራል፣ ልክ የቀበሌ ደብዳቤ ሲመጣ ማኅተሙን እንደሚያይ ዘበኛ። አንዲት ፊደል ከተለወጠች አይገባም ይላል። ችግሩ ብዙ ርካሽ ዕቃ ይሄን ማመሳከር የለውም፣ የሰጠኸውን ሁሉ ይውጣል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ዘበኛው አንተ ነህ። አምራቹ ከፋይሉ ጎን የሻ-256 ቁጥር (የፋይሉ አሻራ) ካስቀመጠ፣ ካወረድከው ፋይል አሻራ ጋር አወዳድረው።

አንድ የኛ አገር ነገር ልጨምር፣ መጽሐፍ ላይ ብዙም የማታገኙት። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን የሚረሳ ዕቃ አለ። ውስጡ ባትሪ የለውም፣ ወይም ሞቷል። ሲነሳ ራሱን 1970 ወይም 2000 ላይ ያገኛል። የአፕዴት ሰርቨሩን ሲያናግር ሰርተፊኬቱ «ገና ያልተጀመረ» ሆኖ ይታየዋል፣ ስለዚህ አላምንህም ብሎ ይዘጋል። ሰው «አፕዴት አልሠራም አለኝ» ብሎ ይተወዋል። መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉት። ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ አድርጉት፣ የሰዓት ክልሉ ደግሞ ሲደመር 3። የካሜራ ቅጂ ለፖሊስ ማቅረብ ቢመጣም ሰዓቱ የተሳሳተ ቅጂ ራስ ምታት ነው።

ሰማያዊ_ባጃጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እህቴ ይሄን ሁሉ በስልክ ነው የጻፍሽው? ገለቶሚ።

ጎማ_ቡና · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ከአጋሮ ወጣ ብሎ ቡና ማጠቢያ አለን። ማድረቂያ አልጋዎቹ ላይ ሁለት ካሜራ፣ በሲም የሚሠራ ራውተር። እኔ ጥያቄዬ ሌላ ነው። ዳታው ውድ ነው፣ ኔትወርኩም ሲመጣ ይመጣል ሲሄድ ይሄዳል። አፕዴቱ በራሱ ይውረድ ካልኩት ወሩን ሙሉ የያዝኩትን ፓኬጅ ይበላብኛል ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ደግሞ አንድ የማውቀው ሰው «በሲም ራውተር ከውጭ መግባት አይቻልም፣ አትስጋ» ብሎኛል።

ሰርቨር_ክፍል · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡35

ጓደኛህ ግማሹን ልክ ብሏል። ብዙ የሞባይል ኔትወርክ ላይ ብዙ ደንበኛ አንድ አድራሻ ስለሚጋራ ከውጭ ቀጥታ አንተ ላይ ማንኳኳት ይከብዳል። ግን ካሜራህ ራሱ ወደ ውጭ ይደውላል፣ በስልክህ የምታየው እኮ በዚያ ምክንያት ነው። የአምራቹ ክላውድ ላይ አካውንትህ በደካማ ፓስዎርድ ካለ በዚያ ይገባል። ዋይፋይህ ላይ የተበከለ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ከገባም ከውስጥ ያንኳኳል። ስለዚህ የውጭው በር ጠባብ ነው እንጂ በር የለም አይባልም።

ስለ ዳታው፣ የራውተርና የካሜራ ፈርምዌር እንደ ስልክ አፕዴት ትልቅ አይደለም፣ አብዛኛው በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ነው። አንድ የቲክቶክ ምሽት ይበልጠዋል። ከፈለግክ ከተማ ስትመጣ በላፕቶፕ አውርደህ ማጠቢያው ላይ በኬብል ጫነው። ብዙ ዲቪአር በፍላሽም ይቀበላል። ወቅቱ ሳይገባ፣ ማጠቢያው ዝግ ሳለ ማድረጉ ነው የሚሻለው። ሥራ በሚበዛበት ሰሞን ማንም ዕቃ መንካት አይፈልግም፣ እኔም አልመክርም።

ሂርማታ_ኔት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

ኢንተርኔት ቤት ስለነበረኝ አንድ ነገር ልበል። «አፕዴቱ ወጥቷል» እና «አፕዴቱ ተደርጓል» መካከል ገደል አለ። ማይክሮቲክን ውሰዱ፣ በየሆቴሉና ካፌው የምናየውን ራውተር። በ2018 ዊንቦክስ በሚባለው መግቢያው ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ኤፕሪል ውስጥ ማስተካከያውን ለቀቀ፣ ፈጣን ነበር። ኦገስት ላይ ምን ሆነ? ማስተካከያውን ያልጫኑ ከ200,000 በላይ ራውተሮች ተወስደው በነሱ በኩል ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ገጽ ላይ ክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) የሚያስቆፍር ኮድ ይለጥፉ ነበር። የጀመረው ብራዚል ነው። መድኃኒቱ ከተገኘ ወራት ካለፉ በኋላ!

ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የሚባለው ማልዌርም ያው ነው። ማይክሮሶፍት ማርች 14 ቀን 2017 ማስተካከያውን አወጣ፣ ዋናክራይ የመጣው ሜይ 12 ነው። በመሐሉ ሁለት ወር አለ። አፕዴት ሲወጣ ሃከሮቹም ያነቡታል፣ ምን እንደተስተካከለ አይተው ቀዳዳውን ያገኙታል። ከዚያ ያላደሰውን ፍለጋ ነው።

ገመድ_በትከሻ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡00

ይሁን፣ ትክክል ናችሁ እንበል። አሁን እኔ ልጠይቃችሁ። ማን ነው የሚያድሰው? እኔ ካሜራ ገጥሜ፣ ገመድ ስቤ፣ ግድግዳ በስቼ ገንዘቤን ተቀብዬ ሄድኩ። ከዓመት በኋላ ማስተካከያ ወጣ። ደንበኛው አያውቅም፣ ቢያውቅም አይችልም። እኔ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቆጪ ባጃጅ ከፍዬ ልሂድለት? በነፃ? «ትንሽ ነገር ናት፣ በዚያው እይልኝ» ይሉሃል። ለትንሿ ነገር የሚከፍል አላየሁም። ከዚያ ስትሞት ጥፋቱ የኔ።

ኪቶ_ፉርዲሳ_4ኛ_ዓመት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡12

ጋሼ፣ ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ግን ሌላም ነገር አለ፣ አይቆጡኝና። በከተማችን ብዙ ገጣሚ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ፓስዎርድ ነው የሚያደርገው። ብዙ ጊዜ የስልክ ቁጥሩን። ያ ቁጥር ደግሞ ሱቁ በር ላይ በትልቁ ተጽፏል። አንድ ሰው ያንን ካወቀ የአንድ ፔንሲዮን ካሜራ አላገኘም፣ የግማሽ መርካቶን ነው ያገኘው። ገጣሚውም ስልኩ ላይ የሁሉም ሰው ካሜራ አለው። ስልኩ ቢሰረቅስ?

ገመድ_በትከሻ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

አልቆጣም። ምክንያቱን ግን ስማ። ለደንበኛው የራሱን ፓስዎርድ ስሰጠው ይረሳዋል። እሑድ ማታ ይደውልልኛል። ሪሴት ለማድረግ ደግሞ አንዳንዱ ዲቪአር ለአምራቹ ተጽፎ ኮድ እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል። ለሁሉም አንድ ያደረግኩት እንቅልፍ ለማግኘት ነው።

ሰርቨር_ክፍል · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡05

ጋሼ፣ መፍትሔው ከሁለታችሁም አይርቅም። ለየቤቱ የተለየ ፓስዎርድ፣ በወረቀት ተጽፎ በፖስታ ታሽጎ ለባለቤቱ፣ እሱም ከውል ወረቀቱ ጋር ቁልፍ ያለበት መሳቢያ ውስጥ። ወረቀት ከኢንተርኔት አይሰረቅም፣ ሰው ይንቀዋል እንጂ ለቤት ዕቃ ጥሩ ነው። እርስዎ ጥገና ሲሄዱ ብቻ የሚከፈት ሌላ አካውንት ይኑርዎት፣ ሲጨርሱ ባለቤቱ ይዝጋው።

ክፍያውን ደግሞ ከገጠማው ዋጋ ለይተው ያቅርቡት። ጄኔሬተር የገጠመ ሰው ዘይት መቀየሩን በነፃ አያደርግም፣ ማንም አይገረምበትም። በዓመት ሁለት ጊዜ መጥቼ አፕዴት አያለሁ፣ ሰዓቱን አስተካክላለሁ፣ ዲስኩ መቅዳቱን አረጋግጣለሁ፣ የማላውቀው አካውንት ካለ አጠፋለሁ፣ ይሄን ያህል ብር፤ ብለው በውሉ ይጻፉት። ካልፈለገ እምቢ ማለቱም ይጻፍ። ቢያንስ «ማን ነው የሚያድሰው» የሚለው መልስ ያገኛል።

ሂርማታ_ኔት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡20

ሕግም አለ እኮ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያለ ፈቃድ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ገጥሜ የሄድኩትን ካሜራ ባለቤቱ ሳያውቅ ብከፍተው ፈቃድ አለኝ ልል ነው? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም 1321/2016 ወጥቷል፣ የአዋጆቹ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው። ፔንሲዮን ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደገባ የሚያሳይ ቅጂ ቀልድ አይደለም። በጅማ ደግሞ ሰው ይተዋወቃል።

መንደራ_ቲቪ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ክሩን እያነበብኩ ነው። በየቤቱ ስላለችው ርካሽ የአንድሮይድ ቲቪ ቦክስስ? እሷም ዋይፋይ ላይ ናት።

ኪቶ_ፉርዲሳ_4ኛ_ዓመት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡25

እሷ የባሰች ናት። ባድቦክስ የሚባል አለ፣ ከአንዳንድ ስም የለሽ ቦክሶች ጋር ገና ከሳጥኑ ሳይወጡ የገባ ማልዌር። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ጁን 2025 ላይ ሁለተኛውን ዙር አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እዚህ ጋ ፓስዎርድ መቀየር አይረዳም፣ ፋክተሪ ሪሴትም አይረዳም፣ ምክንያቱም «ንጹሑ» ሲስተም ራሱ ነው የተበከለው። ምልክቱን ልንገርህ፣ የጎግል ፕሌይ ፕሮቴክት (አፕ የሚፈትሸው ጥበቃ) የሌለው፣ ወይም ሲከፈት እሱን አጥፋ የሚልህ፣ ወይም ሁሉም ቻናል በነፃ ይከፈታል ተብሎ የተሸጠ። እንደዚህ ከሆነ ከዋይፋዩ አላቅቀው፣ ፊልም በፍላሽ እይበት።

አጂፕ_ልጅ (ጠያቂ) · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጎረቤቴን ይዤ ሠራነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ዲቪአሩን ከኢንተርኔት ነቅለን ሞኒተር ሰካንበት። ሦስት አካውንት አለ። አንዱ የኔ። አንዱ የገጣሚው ነው ብለን ጠረጠርን፣ ደውዬ አረጋገጥኩ። ሦስተኛውን እኔም እሱም አናውቀውም። ሰዓቱ 2000 ጃንዋሪ ላይ ነበር፣ ልክ እህታችን እንዳለችው! ራውተሩ ላይ ደግሞ ዩፒኤንፒ የሚባለው በርቶ ነበር፣ ዲቪአሩ በዚያ ለራሱ በር ከፍቶ ተቀምጧል፣ ማንም ሳያዘው።

ራውተሩን በሚኒ ዩፒኤስ አፕዴት አደረግነው። ሥሩ ያለው ወረቀት ቪ2 ይላል፣ የቪ2ን ፋይል አወረድን። መብራት አልሄደም። እኔ ግን እስኪጨርስ ቆሜ ነበር። ዩፒኤንፒን አጠፋን፣ የእንግዳውን ዋይፋይ ከኛው ለየነው።

ዲቪአሩ ላይ ነው የተቸገርነው። አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ያለው የመጨረሻ ፋይል የ2019 ነው፣ እሱ ደግሞ ቀድሞ ተጭኗል። ሞዴሉ ተቋርጧል ይላል። ከዚህ በኋላ አፕዴት የለውም ማለት ነው። አሁን ምን ላድርገው? እማዬ አዲስ አበባ ስትሄድ በስልኳ ማየት ትፈልጋለች።

ሰርቨር_ክፍል · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡40

ጎበዝ። ሦስተኛውን አካውንት አጥፍተሃል ብዬ አምናለሁ። ከቻልክ ፋክተሪ ሪሴት አድርገው፣ ያንኑ የ2019ን ፋይል በድጋሚ ጫንበት፣ ፓስዎርዱን እንደገና አስገባ። ሪሴት የፋብሪካውን ፓስዎርድ እንደሚመልስ አትርሳ፣ ስለዚህ ኬብሉ ተነቅሎ።

ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አታሳየው። ቀረጻው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፣ ለመቅዳት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ራውተሩ ላይ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አግደው፣ ሪሴፕሽን ያለው ስክሪን ላይ ብቻ ይታይ። አሮጌ ዕቃ ውጭ ካልወጣ ገና ዓመታት ያገለግላል።

የእማማን ነገር በተመለከተ፣ ራውተርህ ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቤት ኔትወርክ የሚያስገባ የተቆለፈ መስመር) የሚቀበል ከሆነ፣ ዋየርጋርድ ወይም ኦፕን ቪፒኤን፣ በዚያ ገብታ ታያለች፣ ዲቪአሩ ግን ለዓለም አይታይም። ለዚህ ከውጭ የሚገኝ አድራሻ መስመርህ ላይ መኖር አለበት፣ አገልግሎት ሰጪውን ጠይቅ። ካልሆነ መቅጃውን መቀየር ነው።

ሂርማታ_ኔት · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡52

ስትቀይር ሻጩን «እስከ መቼ ነው አፕዴት የሚወጣለት» ብለህ ጠይቅ። ሻጩ ግራ ይገባዋል፣ ይግባው። ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የሆነ ወይም በቀላሉ የሚገመት ፓስዎርድ ይዞ መሸጥ ተከልክሏል። አምራቹም ለምን ያህል ጊዜ አፕዴት እንደሚሰጥ መግለጽ ግዴታው ነው። አውሮፓ ኅብረትም ሕግ አውጥቷል፣ ዋናዎቹ ግዴታዎች ዲሴምበር 2027 ላይ ይጀምራሉ፣ በአብዛኛው ቢያንስ አምስት ዓመት አፕዴት ይጠይቃል።

ገመድ_በትከሻ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡05

የእንግሊዝ ሕግ ጅማ መርካቶ ምን ያደርጋል? እዚህ የሚመጣው ሌላ ካርቶን ነው።

ሂርማታ_ኔት · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10

ያው ሞዴል እዚያም የሚሸጥ ከሆነ አፕዴቱ ለኛም ይደርሳል ጋሼ። አምራቹ ለየአገሩ ሁልጊዜ ሌላ ፈርምዌር አይጽፍም። ስም የለሹ ካርቶን ላይ ግን ልክ ነዎት፣ እሱን ማንም ሕግ አያገኘውም። ለዚህ ነው የአምራቹን ድረ ገጽ ሳያገኙ ዕቃ አይግዙ የምለው።

ገመድ_በትከሻ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡30

እሺ፣ ለሁለት ሆቴል የዓመት ጥገና የሚል ወረቀት ጽፌ ልሞክር ነው። አንዱ ባለቤት ገና ሳልጨርስ «አሁን ምን ተበላሸ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ኪቶ_ፉርዲሳ_4ኛ_ዓመት · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡38

የአካውንቶቹን ዝርዝር ከፍተው ያሳዩት ጋሼ። «ይሄን ሰው ያውቁታል?» ብለው ይጠይቁ። የማያውቀው ስም ካለ ራሱ ዋጋ ይጠይቅዎታል። ከሌለም ሰዓቱን ያሳዩት።

አጂፕ_ልጅ (ጠያቂ) · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ሌሊቱን ኢንተርኔቱ አልቆመም። እማዬ አዲስ መቅጃ እንግዛ ብላለች። አሮጌውን የሚገዛ ሰው ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ ከነ ሃርድ ዲስኩ።

ሰርቨር_ክፍል · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡04

ቆይ ቆይ! ከነ ሃርድ ዲስኩ አትሽጥ። የእንግዶቻችሁ የወራት ቅጂ አለበት። ዲስኩን አውጥተህ አስቀር። ሳጥኑን ለሚገዛው ሰው ደግሞ አፕዴት እንደሌለው ንገረው።

አጂፕ_ልጅ (ጠያቂ) · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡09

እሺ፣ ያለ ዲስክ። ዋጋውም በዚያው ቀንሷል።